ዝናቡ ሳይቀንስ ምንጩ ለምን ደረቀ?

ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ወንበርማ ባለው የምዕራብ ጎጃም አገር፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ጠላ ቤት፣ የአየሩ ነገር ሲነሣ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ዱሩ ተመነጠረ፣ ዝናቡም አብሮ ሄደ» ይላል። ሌላው «ኧረ ዝናቡስ ይዘንባል፤ የጠፋው ውኃው ነው» ብሎ ይመልሳል። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ይህን ክርክር ይዞ ተነሥቷል። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ሁለተኛው ግን ወደ ነገሩ እምብርት ቀርቧል። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠራ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማስረጃው ከሰማይ ይጀምራል። በ1957 አውሮፕላን በደምበጫ አካባቢ እያንዣበበ መሬቱን ፎቶግራፍ አነሣ። በ1982 ያው መሬት እንደገና ተነሣ። ኋላ ዶክተር ጌቴ ዘለቀ እና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ እነዚያን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የ1995ን ሁኔታ ጨምረው፣ 27,103 ሄክታር ስፋት ያለውን አካባቢ እያንዳንዱን ቁራሽ ለዩት። ጥናታቸው በ2001 ታተመ። በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶው የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 የቀረው 2 በመቶ ነው። በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ። በሄክታር ሲሰላ፣ ከ7,300 ገደማ ተነሥቶ 80 ገደማ ላይ መውረድ ማለት ነው። የሚታረሰው መሬት በበኩሉ ከ39 በመቶ ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 77 በመቶ ወጣ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ደኑ በአብዛኛው ያለቀው ከ1982 በፊት ነው። ዛሬ ሞፈር የጨበጠው ወጣት ገበሬ ሲወለድ የሚመነጠር ብዙ ነገር አልጠበቀውም። እሱ የደረሰበት ለውጥ ሌላ ነው፤ ማረሻው ሜዳውን ጨርሶ ዳገት ላይ መውጣቱ። ከዚህ በፊት ለከብትና ለማገዶ ብቻ ይተው የነበረው ገደላ ገደል መሬት ሳይቀር ታረሰ። በመካከሉ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ፣ ኋላም በ1989 ዓ.ም. በጎጃም የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ መጥተው አልፈዋል። በየጊዜው አፍ ሲበዛ፣ ድርሻ ሲጠብ፣ መሬቱም ፋታ እያጣ ሄደ። ስለዚህ ደኑ ጠፋ ተብሎ አንዱን ትውልድ በጅምላ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ኢትዮጵያ ድሮ 40 በመቶ ደን ነበረች» የሚለውን አባባል አድማጮች ሳትሰሙት አትቀሩም። የኢትዮጵያን የግብርና ታሪክ ሲያጠኑ የኖሩት አሜሪካዊው ጄምስ ማካን ይህ ቁጥር ጽኑ መሠረት እንደሌለው በ1990ዎቹ ጽፈዋል። በትግራይ ደግሞ ያን ኒሰን እና ባልደረቦቻቸው በ1868 የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው በዚያው ቦታ ላይ ቆመው ቢያነሡ፣ በብዙ ቦታ የዛሬው መሬት ከያኔው ይልቅ ዛፍ በዝቶበት ተገኝቷል። ነገሩ በየአካባቢው ይለያያል። የደምበጫው ግን በፎቶ የተለካ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ዛፍ ተቆርጦ በቆሎ ሲዘራ አየሩ በምን ምክንያት ይለወጣል?

የፀሐይ ብርሃን መሬት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከፊሉ በአፈርና በቅጠል ውስጥ ያለውን ውኃ ተን አድርጎ ለማውጣት ይውላል። የተረፈው አፈሩንና ከአፈሩ በላይ ያለውን አየር ያሞቃል። ትልቁ ምሥጢር ያለው በመካከለኛው ላይ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ተን ሆኖ እንዲወጣ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ አንድ ሊትር ከበረዶ ቅዝቃዜ አንሥቶ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ሥሩን ጠልቆ የሰደደ ዛፍ በቀን ብዙ ሊትር ውኃ ከሥር ስቦ በቅጠሉ ያወጣል። ያ ሁሉ ሙቀት የሰውን ግንባር ከማቃጠል ይልቅ ውኃ በማትነን ያልቃል ማለት ነው። ዛፉ ከሌለ ግን ሙቀቱ መሄጃ ስለሚያጣ አፈሩንና አየሩን ያግላል።

በምዕራብ ጎጃም ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በክረምት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ማሳው በበቆሎ፣ በዳጉሳና በጤፍ ተሸፍኖ አረንጓዴ ነው፤ አፈሩም ርጥብ ነው፤ ከደን ብዙ አይርቅም። ፈተናው የሚመጣው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ማሳው ራቁቱን ይሰነብታል። አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይለቀማል፤ ከዚያ እርሻው ይገለበጥና ጠቆር ያለው አፈር ለፀሐይ ይሰጣል። ደን ቢሆን ኖሮ በመጋቢት ፀሐይም ከጥልቁ ውኃ እየሳበ ያቀዘቅዝ ነበር። ይህን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም። በጎጃም ገጠር የቆየ አጸድ ያለው ደብር አይጠፋም፤ በሚያዝያ እኩለ ቀን ከታረሰው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ቅጥሩ የገባ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ይለካዋል። እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ የደን ተመራማሪዎች በአማራ ክልል የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የደከሙትም፣ የአገሩ ነባር ዛፍ ዘሩ የተረፈው በአመዛኙ እዚያ ስለሆነ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ዛፍ በየትኛውም ዓለም ያቀዘቅዛል ማለት አይደለም። በረዶ በሚበዛበት በሰሜኑ ዓለም ጠቆር ያለው ደን ነጩን በረዶ ሸፍኖ ሙቀት ስለሚውጥ አካባቢውን ሊያሞቅ ይችላል። በእኛ ዓይነቱ የሐሩር አገር ግን ትነቱ ያሸንፋል።)

እስካሁን ያልነው ስለ ሙቀት ነው። ዝናቡስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የጎጃምን ክረምት የሚያዘንበው እርጥበት ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደኖች አቅጣጫ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በኩል ተጉዞ የሚመጣ ነው። ከደምበጫ ደን የሚነሣው ተን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ሰበብ ብዙ የአገራችን ክፍል በድርቅ ሲመታ፣ የችግሩ መነሻ የሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል መሞቅ ነበር። እሱን ደግሞ የትኛውም ገበሬ በመጥረቢያው አላመጣውም።

የሳህል ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በ1975 ጁል ቻርኒ የተባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስት፣ የሳህል ድርቅ ከብት ሣሩን ግጦ መሬቱን ስላነጣው፣ የነጣው መሬትም ፀሐይን እየመለሰ ደመና እንዳይፈጠር ስላደረገ ሊባባስ ይችላል ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ዋናው ገፊ የውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ መሆኑን አሳዩ። የመሬቱ ድርሻ ግን ዜሮ አልሆነም፤ ውቅያኖስ የጀመረውን ድርቅ የተራቆተ መሬት ያባብሰዋል። እንደ አማዞን ያለ ሰፊ ደን ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ከዝናቡ ጉልህ ድርሻ ያለው ከራሱ ከደኑ በተነሣ ተን ተመልሶ የሚዘንብ ነው። የእኛን ቁርጥራጭ ደን ከአማዞን ጋር ማስተካከል ግን ራስን መሸንገል ይሆናል።

ታዲያ የዓባይ ተፋሰስ መዝገብ ምን ይላል? ዘላለም ተሰማ እና ባልደረቦቻቸው ከ1964 እስከ 2003 ድረስ ያለውን የዝናብና የወንዝ ፍሰት መዝገብ መርምረው በ2010 አሳትመዋል። በተፋሰሱ አጠቃላይ የዝናብ መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል የመቀነስም የመጨመርም አዝማሚያ አላገኙም። ወንዙ ግን ተለውጧል። ዓባይ ከአገር በሚወጣበት በኤልዴም መለኪያ፣ የክረምቱ ፍሰት 10 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ የበጋው ፍሰት 10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ያው ዝናብ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይነጉዳል፤ በበጋ ሲፈለግ የለም።

የጠላ ቤቱ ሁለተኛ ሰው ያሸነፈው በዚህ ነው። «የጠፋው ውኃው ነው» ያለው በአርባ ዓመት መዝገብ ተደግፏል።

ወደ ጎረቤት ምሥራቅ ጎጃም ስንሻገርም ይኸው ነው። ከጮቄ ተራራ በሚወርደው በጨሞጋ ወንዝ ላይ ፕሮፌሰር ወልደአምላክ በዕውቀት ከሆላንዳዊው ኼርት ስተርክ ጋር ሆነው ከ1960 እስከ 1999 ያለውን ፍሰት መርምረው፣ የበጋው ውኃ እየቀነሰ መሄዱን በ2005 ጽፈዋል። ከምክንያቶቹ መካከል የመሬቱ መራቆት፣ በበጋ ለመስኖና ለመጠጥ የሚሳበው ውኃ፣ እንዲሁም የባሕር ዛፍ መስፋፋት ተጠቅሰዋል። ባሕር ዛፍ! አስገራሚው ነገር፣ ወልደአምላክ በዚያው ተፋሰስ ያደረጉት ሌላ ጥናት ከ1957 ወዲህ በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨምሯል የሚል ነው። የጨመረው ግን የተፈጥሮ ደን ሳይሆን የገበሬው ባሕር ዛፍ ነበር።

ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ለማዳን ነው፤ አድኗታልም። ዛሬ በሜጫና በይልማና ዴንሳ ጤፍ ይበቅልበት የነበረ ማሳ ሳይቀር ባሕር ዛፍ ለብሷል። ገበሬው ሞኝ አይደለም። ማዳበሪያ አይፈልግ፣ ከብት አይበላው፣ አጣናው ተቆርጦ ሲሸጥ ልጅ ይድራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። ከመርሐ ግብሩ አዘጋጆች መካከል ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት የሚያይ የለም። ነገር ግን አየሩን የሚያቀዘቅዘው ትነትና ምንጩን የሚመግበው ውኃ የሚወጡት ከአንድ አፈር ነው። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ይጠጣል። በምንጭ ራስ ላይ ከተተከለ ጥላ ሰጥቶ ምንጭ ይወስዳል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ የተስፋፋው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በበኩሉ ሌላ ስሌት አለው። ናይትሮጅን ወደ አፈር ስለሚመልስ፣ አሲዳማነት ያሸነፈውን ማሳ አሳርፎ ከሰል ሆኖ ይሸጣል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ አብሮት ይዘራል፤ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል። ከሳተላይት የሚያይ ሰው ሁለቱንም «ደን ተመለሰ» ብሎ ሊመዘግባቸው ይችላል። መሬት ላይ ያለው ሰው ግን ዛፍ መቆሙን ብቻ አይቶ አይረካም፤ የትኛው ዛፍ፣ የት ቦታ፣ ለስንት ጊዜ ብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ቡሬ እንውረድ። መሬት አጠቃቀም ሲለወጥ የሚለወጠው ሙቀትና ወንዝ ብቻ እንዳልሆነ ከቡሬ የተሻለ የሚመሰክር ከተማ የለም።

ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በአገራችን ልማድ ወባ የቆላ በሽታ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ብዙም አይጠበቅም። ይሁንና በ1998 ቡሬ ዙሪያ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ምን ተለወጠ? በ1990ዎቹ በአካባቢው የተስፋፋው ትልቁ ነገር በቆሎ ነው። በባኮ የምርምር ማዕከል ተዳቅሎ በ1993 የወጣው ቢኤች 660 ከአገሬው ዘር ይልቅ እጅግ ብዙ ምርት ስለሚሰጥ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ጓሮውንም ወረሰው። ዘሩ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ የወንዴ አበባው ብናኝ የሚረግፈው ክረምቱ ወደ ማለቁ፣ ውኃው በየጉድጓዱ ተቋጥሮ ፀሐይ ማየት በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ የወባ ትንኝ ዕጭ የሚፈለፈልበት ወቅት ነው።

የማነ የኢብዮ እና በሃርቫርድ የነበሩ ባልደረቦቻቸው በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የበቆሎ ብናኝ የተመገበ የትንኝ ዕጭ በቁጥር የበለጠ እንደሚተርፍ፣ ቶሎ እንደሚያድግና ትልቅ ትንኝ እንደሚሆን አሳዩ። አምስት ዓመት ቆይቶ አስናቀው ከበደ፣ ጄምስ ማካን እና ሌሎች ቡሬ ላይ የሠሩትን ጥናት አወጡ። በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የታየው የወባ መጠን፣ በቆሎ እምብዛም በማይዘራባቸው ከታየው 9.5 እጥፍ ነበር። ለክርክር የማይመች ቁጥር ነው። እርግጥ ነው፣ ብናኙ ብቻውን ወባ አያመጣም፤ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ፣ ሞቅ ያለ ሌሊትና የታመመ ሰው አብረው መገኘት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሌሊቱ፣ እየሞቀ መምጣቱ ደግሞ የታወቀ ነው። የአገራችን አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። በደብረ ዘይት አካባቢ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናትም በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አረጋግጧል። እንግዲህ ሁለት ነገር ተገናኘ፤ ከዓለም የመጣ ሙቀትና ከጓሮ የወጣ የትንኝ ቀለብ።

ይህን ሰምቶ «በቆሎ ይቅር» የሚል ካለ ዝግጅቱን በደንብ አልሰማም ማለት ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበቆሎ የሚኖር አገር ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የአካባቢውን የእርሻ ምርት ተስፋ አድርጎ የቆመ ነው። ከጥናቱ የሚወጣው ምክር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ቢያንስ ከመኝታ ቤት ጀርባ ያለው ጓሮ ከበቆሎ ይልቅ ድንች፣ ጎመን ወይም ቡና ይያዝ፤ ለቤት ምርጊት ጭቃ የተቆፈረው ጉድጓድ ከክረምት በፊት ይደፈን።

ለወንዙስ ምን ይደረግ? መልሱ ከደምበጫ ሩቅ አይደለም። በደምበጫ ወረዳ አንጀኒ የተባለች 113 ሄክታር የምትሸፍን ትንሽ ተፋሰስ አለች። በግብርና ሚኒስቴርና በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተባት። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ የምታገኝ፣ መሬቷም ተዳፋት የሆነ ቦታ ናት። በ1986 ማሳዎቹ ላይ ፋኛ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ዳገት ይወረወራል፤ ዓመት በዓመት የሚሸረሸረው አፈር ከግድቡ ጀርባ እየተጠራቀመ ዳገቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ሜዳ ይለውጠዋል። ውኃው ከመሮጥ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የሰረገው ነው በበጋ ምንጭ ሆኖ የሚወጣው።

አንጀኒ እንከን የለሽ ተአምር አይደለችም። እርከኑ መሬት ይወስዳል፤ በሬ ጠምዶ ለመዞር ያስቸግራል፤ ዝናቡ በጠነከረ ጊዜ ከግድቡ በላይ ያለው አዝመራ ውኃ ይተኛበታል። ገበሬዎች ይህን ሲሉ ባለሙያ ሁሉ ወዲያው አልሰማቸውም። ዳሩ ግን ደኑ 0.3 በመቶ በቀረበት አካባቢ፣ ደን እስኪመለስ ሳይጠበቅ መሬቱን ውኃ ማስያዝ እንደሚቻል ያሳየችው እሷ ናት።

ሌላው ምሳሌ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ነው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ድሮ በበጋ ራቁቱን ይቀር የነበረው ሜዳ አሁን በስንዴና በአትክልት አረንጓዴ ሲሆን፣ ያ ሁሉ ትነት የቀኑን ሙቀት ያበርዳል። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሁልጊዜ ወደ መጥፎ አይሄድም። በወላይታ ሁምቦም 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ተተክሎበት አይደለም። ከመሬት በታች ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎች ከከብትና ከመጥረቢያ ተጠብቀው፣ ያቆጠቆጡት ቡቃያዎች ተመርጠው እንዲያድጉ በመደረጉ ነው። የጎጃም ብሳናም ጉቶው ከተጠበቀ ያቆጠቁጣል።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የደምበጫና የወንበርማ አድማጮቻችን፣ በመጪው ሰኔ ወደ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ የሚታደላችሁን ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ለማሳ ዳር ዋንዛና ብሳና፣ ለላህና ለፈጣም ዳርቻ ዶቅማ ስጡን በሉ። ባሕር ዛፋችሁን ከምንጭ ራስና ከወንዝ ዳር አርቃችሁ ትከሉት። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ስንት ችግኝ እንደተተከለ ሪፖርት ሲያደርግ፣ ከአምናው ስንቱ እንደጸደቀና በቀበሌው ስንት ምንጭ እስከ ሚያዝያ እንደዘለቀ አብሮ እንዲጽፍ በስብሰባ ላይ ጠይቁት።